ዝናብ ከዜሮ በታች

ነገሩ የጀመረው በአንዲት ቀጭን ጥቁር ክር ነው። የአየር ጠባይ መረጃ ክፍል ባልደረባ የሆነችው ወጣት ሴት ኮምፒውተሯ ላይ ቁጥር እያየች ሳለ ክሯ በቀኝ ዓይኗ ፊት ተንሳፈፈች። በእጇ ልታባርራት ሞከረች። አልሄደችም። በማግስቱ ክሩ በዛ፤ ከዚያም ከጎን በኩል እንደ መጋረጃ ያለ ጥላ ወረደና የምታየውን ነገር ግማሹን ሸፈነባት።

የዓይን ሐኪሟ ረጋ ያሉ ሴት ነበሩ። መርምረዋት ሲያበቁ ወንበራቸውን ወደሷ ሳብ አደረጉና፣ «ዓይንሽ ውስጥ ከኋላ በኩል ያለው ስስ ሽፋን ከቦታው ለቋል። ዛሬውኑ መሠራት አለበት» አሏት። ሽፋኑን ወደ ቦታው ከመለሱ በኋላ ዓይኗ ውስጥ ትንሽ የጋዝ አረፋ ያስገባሉ። አረፋ መቼም ወደ ላይ ነው የሚንሳፈፈው፤ ከኋላ ያለውን ሽፋን ደግፎ እንዲይዘው እሷ ፊቷን ወደ መሬት ደፍታ መቆየት አለባት። ስትተኛም፣ ስትቀመጥም፣ ስትራመድም።

«እስከ መቼ?» አለች።

«እኔ ቀና በይ እስክልሽ ድረስ።»

ሌላ ሰው ቢሆን በግራ ዓይኑ ይጽናና ነበር። የሷ ግራ ዓይን ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ሰነፍ ናት፤ ብርሃንና ቅርጽ ትለያለች እንጂ ፊደል አታነብም። የምታነብበት ዓይን አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም አሁን በፋሻ ታሽጎ ወደ ወለሉ ተደፍቷል።

ባሏ የረጅም መንገድ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ወሬው የደረሰው ከነጭነቱ መንገድ ላይ ሳለ ነበርና መኪናውን መሀል ሜዳ ጥሎ መምጣት አልቻለም። እናቷ ሩቅ ናቸው። ስለዚህ እሷን የማስታመሙ ነገር ቤቱ ውስጥ በቀረው አንድ ሰው ላይ ወደቀ፤ በባሏ አባት ላይ።

አማቷ ልብስ ሰፊ ነበሩ። የሰፈሩ ሰው «ጋሽ ሚሊ» ይላቸዋል፤ አንዲት ሚሊሜትር የተዛነፈች ስፌት ካዩ ሙሉውን ፈትተው እንደገና ይሰፉት ስለነበር ነው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ሱቃቸውን ዘግተው የስፌት መኪናቸውን ብቻ ይዘው ልጃቸው ቤት ገቡ። ከምራታቸው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ሲኖሩ ከ«እንዴት አደርሽ» እና «እንዴት ዋሉ» ያለፈ ነገር ተነጋግረው አያውቁም። ቅያሜ አልነበረም፤ እፍረት ነው። እሷ ሳሎን ካለች እሳቸው ጉሮሯቸውን ጠርገው ወደ ክፍላቸው ያልፋሉ፤ እሳቸው ሳሎን ካሉ እሷ ወጥ ቤት ውስጥ ሥራ ትፈልጋለች። ባሏ መሀላቸው ተቀምጦ እንደ አስተርጓሚ ለሁለቱም ያወራል።

ከሆስፒታል በተመለሰች የመጀመሪያ ቀን ግንባሯን ሁለት ትራስ ላይ ደፍታ ዋለች። አፍንጫዋ ታፈነ፤ አገጯ ታመመ። ምንም አላለችም። አማቷ ግን ምሳ ሲያስገቡ ከበሩ ላይ ቆም ብለው አዩዋትና ወጡ። ትንሽ ቆይቶ የስፌት መኪናው ድምፅ ተሰማ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ። አመሻሹ ላይ እንደ ፈረስ ኮቴ የተቆለመመ፣ ጥጥ የተጠቀጠቀበት፣ መሀሉ ለአፍንጫና ለአፍ ክፍት የሆነ ትራስ አልጋዋ ጫፍ ላይ አስቀመጡ።

«በዓይን ነው የለካሁት» አሉ፤ «ከጠበበሽ አሰፋዋለሁ።»

አልጠበባትም።

በማግስቱ የክፍሉ ኃላፊ ደወለችላት። ደግ ሴት ናት፤ ደግነቷ ነው ያስለቀሳት።

«ጤናሽ ይቀድማል፤ አይዞሽ። የዝናቡን ፋይል ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ።»

የዝናቡ ፋይል ማለት የብዙ ዓመት የዕለት ዝናብ የተመዘገበበት የኮምፒውተር ሰንጠረዥ ነው። ከተማው ዝቅ ባሉት ሰፈሮች የጎርፍ መውረጃ ቦይ ሊያሠራ ነውና መሐንዲሶቹ ሁለት ነገር ጠይቀዋል፤ በየወሩ በአማካይ ስንት ይዘንባል፣ በየዓመቱ እጅግ ከባድ የሆነው የአንድ ቀን ዝናብስ ስንት ነበር። ሥራ ከገባች ወዲህ በራሷ እንድትጨርሰው የተሰጣት የመጀመሪያ ሥራ ነው። እሷ ያደገችውም ዝቅ ባለ ሰፈር ነው፤ ክረምት ሲመጣ ፍራሽ ጠረጴዛ ላይ እንደሚወጣ፣ ጫማ በጠዋት ከአልጋ ሥር ዋኝቶ እንደሚገኝ ታውቃለች።

«እሺ» ብላ ስልኩን ዘጋች። ፊቱን ደፍቶ የሚያለቅስ ሰው እንባው ጉንጩን አይነካም፤ ቀጥ ብሎ ወለሉ ላይ ጠብ ይላል። ጠብታው ሲወርድ አማቷ ሾርባ ይዘው በሩ ላይ ነበሩ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ እንደ ወትሮው አስቀምጠው ግን አልወጡም። ወንበር ሲጎተት ሰማች።

«ልጄ፣ ማልቀስ ለዓይንሽ አይከፋም?»

«ሥራዬን ሊወስዱብኝ ነው፣ አባባ።»

«ሊያባርሩሽ?»

«አይ፤ ለሌላ ሰው ሊሰጡት። እውነታቸውን ነው። እኔ እንዴት አድርጌ ልሠራው?»

 ሾርባውን በማንኪያ ሲያማስሉ ይሰማል።

«ለመሆኑ የሚያስቸግርሽ የቱ ነው፤ ማሰቡ ነው ወይስ ማየቱ?»

«ማሰቡማ አያስቸግረኝም። ማየቱና መጻፉ ነው።»

«ታዲያ ማየትና መጻፍ እኔም አውቅ የለ? መነጽሬን ላምጣ።»

እሷ መልስ ከማግኘቷ በፊት ተነስተው ሄደው ነበር።

ኮምፒውተሯን ትንሿ ጠረጴዛ ላይ ከፈቱት። እሷ አልጋው ላይ ተደፍታ፣ ግንባሯ በተሰፋላት ትራስ ላይ ሆኖ ትናገራለች፤ የሚታያት የወለሉ ብዥታና የሳቸው ሁለት እግሮች ጥላ ብቻ ነው።

«ሰማያዊ አር ያለበት ምልክት ይታይዎታል? እሱን ሁለት ጊዜ ጠቅ ጠቅ ያድርጉት።»

«ማነው አር?»

«ፕሮግራም ነው፤ በጽሑፍ ያዘዙትን ያሰላል። ስሙ አር ነው፤ አንድ ፊደል ብቻ።»

«ወላጆቹ ቸኩለው ነበር ማለት ነው» አሉ።

የፈረንጅ ፊደል ያውቃሉ፤ በልጅነታቸው ከተማሩት ጥቂቱን፣ ቀሪውን ደግሞ ከልብስ አንገትጌ ላይ ካነበቡት። ጣታቸው ግን አንዷ ብቻ ናት የምትሠራው። እያንዳንዱን ፊደል በዓይናቸው አድነው፣ አግኝተው፣ እንዳይሰበር እየፈሩ ይጫኑታል።

«ዕድሜ ልኬን ቁልፍ ስተክል ኖሬ፣ በስተርጅና ቁልፍ ልጫን!»

እሷ ቀስ ብላ ነገረቻቸው። መጀመሪያ በፈረንጅ ፊደል «ዝናብ» ብለው ይጽፋሉ። ከዚያ ወደ ግራ የሚያመለክት ቀስት፤ የ«ያንሳል» ምልክትና ሰረዝ ተጋጥመው። ቀስቱ ማለት በቀኝ ያለውን አንሳና በግራ ባለው ስም አስቀምጥ ማለት ነው። ከዚያ «ሪድ»፣ ነጥብ፣ «ሲኤስቪ»፤ ይህን ሰንጠረዥ አንብብ ማለት ነው። ቅንፍ ይከፈታል፤ ትምህርተ ጥቅስ፤ የፋይሉ ስም፤ ትምህርተ ጥቅስ።

«ጻፍኩ። ተጫንኩ። አሁን ምንም አይልም፤ አንዲት የመደመር ምልክት ብቻ አውጥቶ ቁጭ ብሏል።»

«ቅንፉን ዘግተዋል?»

«ዝጋ አላልሽኝም።»

«ይዝጉት። እየጠበቀዎት ነው።»

«አሃ» አሉ ሽማግሌው፤ «ክሩ ሳይቋጠር መርፌውን ነቅያለሁ።»

ዘጉት። ወዲያው ወንበራቸው ተንቋቋ።

«ቀይ ጻፈ! ልጄ፣ ተቆጣ!»

«አይደንግጡ። ፋይሉን አጣሁት ነው የሚለው። ስሙን እንዴት አድርገው ጻፉት?»

አንድ በአንድ አነበቡላት። የመጀመሪያው ፊደል ትንሽ ሆኖ ነበር፤ ፋይሉ ላይ ያለው ትልቅ ነው። ለፕሮግራሙ ትልቁና ትንሹ ፊደል ፈጽሞ የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች መሆናቸውን ስትነግራቸው፣ «ሚሊ ነው እንጂ!» አሉ ደስ ብሏቸው፤ የሙያ ጓደኛ ያገኙ ያህል። አስተካክለው ተጫኑ።

«አሁንስ?»

«ምንም አላለም።»

«ዝም ካለ ተቀብሏል ማለት ነው።»

«ጨዋ ልጅ።»

«አሁን ደግሞ ሄድ ይበሉት።»

«የት ይሄዳል? ገና አሁን አይደል እንዴ የመጣው?»

ምራቲቱ ሳቀች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ ዓይኗን ፈርታ በሁለት እጇ ትራሱን ጨበጠች፤ ሳቁ ግን እምቢ አላት። እሳቸውም መጀመሪያ ግራ ገባቸው፤ ቀጥሎ እሳቸውም ሳቁ። ቃሉ በፈረንጅ አፍ ራስ ማለት እንደሆነ፣ የፋይሉን አናት፣ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መስመሮች አሳየኝ ማለት እንደሆነ ያስረዳቻቸው ሳቁ ከበረደላት በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከቁርስ በኋላ ይቀመጡ ጀመር። ኃላፊዋን ትንሽ ጊዜ እንድትሰጣት ለመነቻት፤ ሰጠቻት።

በሁለተኛው ቀን «ሰመሪ» የሚለውን አስጻፈቻቸው። ይህ ትእዛዝ ሰንጠረዡን ባጭሩ ይናገራል፤ ትንሹ ስንት፣ ትልቁ ስንት፣ አማካዩ ስንት። ሽማግሌው ጻፉ፣ ተጫኑ፣ ከዚያ እጃቸውን ከቁልፎቹ ላይ አነሱ።

«ምን ይላል፣ አባባ? አማካዩ ስንት ነው?»

ወንበራቸው ወደ ኋላ ሲንሸራተት ሰማች።

«አባባ?»

«ልጄ፣ አበላሸሁት መሰለኝ። አማካዩ ሲቀነስ ሁለት ምናምን ነው። ዝናቡ ከዜሮ በታች ሆነ። ወደ ሰማይ እየተመለሰ ነው መሰለኝ።»

«ትንሹ ቁጥር ሲቀነስ ዘጠና ዘጠኝ ነጥብ ዘጠኝ አይልም?»

«ይላል! በምን አወቅሽ?»

«እርስዎ አላበላሹትም። እኔም ሥራ የጀመርኩ ሰሞን እንዲህ ሆኖብኝ ደንግጫለሁ።»

ነገረቻቸው። ዝናብ በሚለካበት ጣቢያ አንዳንድ ቀን ሳይለካ ያልፋል። ዜሮ ቢጻፍ አልዘነበም ማለት ይሆናል፤ ውሸት ነው። ስለዚህ ዝናብ ሊሆን የማይችል ቁጥር ይጻፋል፤ ሰው ሲያየው እንዲያውቀው። ፕሮግራሙ ግን ካልነገሩት አያውቅም፤ ያንንም ቁጥር እንደ ዝናብ ይደምረዋል። እንግዲህ ፋይሉን እንደገና ሲያነብ ይህ ቁጥር «አልተለካም» ማለት ነው ብለው ሊነግሩት ይገባል። አስጻፈቻቸው። ጻፉ። እንደገና አናቱን ሳይሆን መሀሉን እንዲያወጣ አዘዙት።

«አሁን በዚያ ቁጥር ፋንታ ‹ና› ይላል።»

«ምን?»

«‹ና› ነዋ። ኤንና ኤ። እዚህም ‹ና›፣ እዚህም ‹ና›። ማንን ነው እንዲህ የሚጠራው?»

ይህችን ምልክት ስንት ጊዜ አይታለች፤ እንዲህ ብላ አንብባት ግን አታውቅም።

«የለም ማለት ነው፣ አባባ። ምህጻረ ቃል ነው።»

«እኮ፤ የሌለውን ነው ‹ና› የሚሉት። ያለውንማ ማን ይጠራዋል?»

አማካዩን ሲጠይቁት ደግሞ ራሱ መልሱ «ና» ሆነ። አንዲት ያልተለካች ቀን እንኳ ካለች አማካዩን አላውቅም ይላል። ሽማግሌው ግትር ነው አሉ፤ እሷ ግን አይደለም፣ እውነተኛ ነው አለች። የጎደሉትን ትተህ ያለውን ብቻ አስላ የምትል ተጨማሪ ቃል አስጨመረቻቸው፤ ከዚያ በኋላ ከዜሮ በላይ የሆነ፣ ዝናብ የሚመስል ዝናብ ወጣ። እሳቸው ግን ሰንጠረዡን ወደ ታች እያንሸራተቱ አንድ ቦታ ላይ ቆሙ።

«እዚህ ጋ ብዙ ነው። ከላይ እስከ ታች ‹ና› ብቻ። ለኪው ምን ሆኖ ይሆን?»

«ማን ያውቃል? መሣሪያው ተሰብሮ ይሆናል። ታሞም ይሆናል።»

«ወይ ሰው ሞቶበት» አሉ።

የወንበሩ እግር አንድ ጊዜ ሲንቀሳቀስ ሰማች።

«እኔ ያኔ፣ የልጁ እናት የሞተች ጊዜ፣ ሱቅ መክፈቱንስ እከፍት ነበር። ሜትሬን አንገቴ ላይ አድርጌ ቁጭ እላለሁ። ሰው ይመጣል፤ ለካኝ ይለኛል። ተነስቼ ትከሻው ላይ እጄን ማድረስ ያቅተኛል። ሜትሩ አለ፣ ሰውየው አለ፤ እኔ ነኝ የሌለሁት። ‹ነገ ተመለስ› እለዋለሁ። እንዲህ እንዲህ እያለ ሱቁ ተዘጋ።»

«ለኛ ለምን አልነገሩንም?»

«ምን ብዬ? ‹መለካት አቃተኝ› ልል? ይሄ ወሬ ነው?»

 ፊቷን ማንሳት አትችልም። እጇን ብቻ ከአልጋው ወደ ታች ዘረጋች፤ እሱም ምንም ሳይነካ አየር ላይ ቀረ። ትንሽ ቆይቶ ሸካራ ጣት፣ በመርፌ ብዛት ጫፏ የደደረች፣ መዳፏን አንዴ ነካ አድርጋ ተመለሰች።

«በይ ቀጥይ፤ ከቅንፉ በኋላ ምን ነበር?» አሉ።

ሥራው አንድ ቀን ተበላሸ። ጠዋቱን ሙሉ ዓመትና ወሩን ከቀኑ ላይ ሲለዩ፣ የየዓመቱን ከባድ ቀን ሲያወጡ ነበር። ለምሳ ሲነሱ ሽማግሌው የፕሮግራሙን መስኮት ሊዘጉ መዝጊያዋን ተጫኑ፤ ፕሮግራሙ አንድ ጥያቄ አወጣ። ጥያቄው አልገባቸውም፤ ያልገባህን አትንካ ነውና «አይ» የምትለውን መረጡ። ጥያቄው «ሥራህን ላስቀምጥልህ ወይ?» ነበር።

ከምሳ በኋላ ሲከፍቱት ባዶ ነው። እሷ ነገሩ ሲገባት ሳይታወቃት «ወይኔ!» አለች። ያቺ «ወይኔ» በቂ ነበረች። ሽማግሌው ተነስተው ወጡ፤ የክፍላቸው በር ቀስ ብሎ ሲዘጋ ተሰማ።

ጠበቀቻቸው። ሻይ የሚያመጡበት ሰዓት ደረሰ፤ ሻይ አልመጣም። ጠራቻቸው፤ አልመጡም። በመጨረሻ ከአልጋዋ ወረደች። አንገቷን አቀርቅራ፣ አንድ እጇን በግድግዳው እያስደገፈች፣ የኮሪደሩን ወለል በሰነፏ ዓይኗ እየዳሰሰች ሄደች።  በራቸው ጋ ስትደርስ በጣቷ አንኳኳች።

በሩ ተከፈተ። የጫማቸው ጥላ ታያት።

«አንቺ ልጅ! ምን አስነሳሽ? ብትወድቂስ? ዓይንሽስ?»

«ቀና አላልኩም። አቀርቅሬ ነው የመጣሁት።»

«ተመለሽ! አሁኑኑ ተመለሽ!»

«ከርስዎ ጋር ነው የምመለሰው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ አባባ። ትእዛዙን ሁሉ መጀመሪያ በወረቀት እንደሚጽፍ ሰው ለብቻው ፋይል ላይ ጽፈን ማስቀመጥ ነበረብን። እኔ ቸኩዬ በቃል አስደረግኩዎት። አልነገርኩዎትም እንጂ ሁሉም ጀማሪ እንዲህ ይሆናል፤ እኔም ሆኛለሁ።»

«የጠዋቱን ሙሉ ድካም ነው ያጠፋሁብሽ።»

«ዝናቡ የትም አልሄደም። ፋይሉ እንዳለ ነው። እንደገና እንሰፋዋለን።»

«እንሰፋዋለን» ያለችው አምልጧት ነው።  ሽማግሌው ክርናቸውን አቀረቡላት፤ ይዛቸው፣ ሁለቱም ወለሉን እያዩ፣ በኮሪደሩ ተመለሱ። ለምን እሳቸው ወለሉን እንደሚያዩ አላወቀችም። ቆይታ ስትጠይቃቸው፣ «አንቺ መሬት መሬት እያየሽ እኔ ቀና ብዬ መሄድ አስቀያሚ መስሎ ታየኝ» አሏት።

እንደገና ሠሩት። በዚህ ጊዜ እያንዳንዱን ትእዛዝ በመስመር በመስመር ጽፈው አስቀመጡት፤ ጠዋቱን ሙሉ የወሰደው ሥራ ማታ ከመድረሱ በፊት አለቀ። ሲጨርሱ ሁሉንም ከላይ እስከ ታች በአንድ ጊዜ አስኬዱት። ሽማግሌው መስመሮቹ ሲሮጡ አይተው፣ «እኔ ሱቅ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ቢኖረኝ ኖሮ ስንት ሱሪ!» አሉ።

የቀረው የወር ድምር ነበር። ብዙ ቀን የጎደለበትን ወር ምን እናድርገው ስትል ጮክ ብላ አሰበች፤ ያሉትን ቀናት ብቻ ብትደምር ወሩ ደረቅ ይመስላል፤ ቦዩም ይጠብባል።

«እንተወዋለን» ብላ ወሰነች። «በሪፖርቱ ላይም ትተነዋል ብለን እንጽፋለን።»

«ልክ ነሽ» አሉ፤ «አንድ እግር ብቻ ያለውን ሱሪ፣ አጭር ሱሪ ነው ብሎ መሸጥ ነውር ነው።»

የወራቱ አማካይ ሲወጣ በሥዕል አደረጉት፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ለየወሩ አንድ አንድ ዓምድ። እሷ ልታየው ስለማትችል እንዲነግሯት ለመነቻቸው።

«ከግራ ዝቅ ብሎ ይነሳል። ሁለት ሦስቱ ምንም የላቸውም፤ ጨርቅ ያለቀባቸው ይመስላሉ። ከዚያ ቀስ እያለ ይወጣል። ሰባተኛውና ስምንተኛው ከሁሉ ይረዝማሉ። ከዚያ በቀኝ በኩል በአንድ ጊዜ ዱብ ይላል። ትከሻው ያልተስተካከለ ኮት ይመስላል። እኔ ብሆን እፈታው ነበር።»

«አይፈታም። ዝናቡ እንደዚያ ነው።»

«እሺ። ቀለሙ ግን ግራጫ ነው። ሰማያዊ አይሻልም?»

«እርስዎ እንዳሉት።»

ትንሽ አሰቡ። «ተይው። ደመናው ነው።»

ባሏ የተመለሰው ሪፖርቱን እየጻፉ ሳለ ነው። የመንገድ አቧራ ለብሶ፣ ቦርሳውን ትከሻው ላይ እንዳንጠለጠለ ገባ፤ ከመኝታ ቤቱ የሰማው ድምፅ እግሩን ያዘው።

«ኮማ ነው ያልሽው ወይስ ነጥብ? ቁርጡን ንገሪኝ!»

«ኮማ አልኩ እኮ! አባባ ደግሞ፣ ዛሬ ጆሮዎት የት ነው ያለው?»

«ጆሮዬ አለ፤ አንቺ ነሽ ትራሱን የምታናግሪው!»

የተጣሉ መስሎት ሮጦ ገባ። ሚስቱ ተደፍታለች፤ አባቱ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ኮምፒውተር ላይ ተተክለዋል። ሁለቱም እየሳቁ ነው።

«ምንድን ነው የምታወሩት?» አለ።

«አናወራም፤ ሥራ ላይ ነን» አሉት አባቱ ዞር ሳይሉ። «ጫማህን አውልቅ።»

ጫማውን አወለቀ። አልጋው አጠገብ ወለሉ ላይ በጀርባው ተኝቶ ከሥሯ ሆኖ ፊቷን አየ፤ እሷም በሰነፏ ዓይኗ የሱን ቅርጽ አየች።  ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠርገው ወጥ ቤት ገቡ። ባልየው ትንሽ ቆይቶ ከወጥ ቤቱ የሰማውን ነገር ማመን አቃተው፤ አባቱ ብርጭቆ እያጠቡ ያንጎራጉራሉ። እናቱ ከሞቱ ወዲህ ሰምቶት አያውቅም። «ሰማሽ?» አላት ቀስ ብሎ። «ሰሞኑን እንዲህ ናቸው» አለችው።

ሪፖርቱ ተላከ። ኃላፊዋ በማግስቱ ደወለች፤ ጥሩ ነው አለች፤ ግን በአንዱ ዓመት የተጻፈው ከባድ ቀን አላሳመናትም፤ አንድ ሰፈር ሳይሆን አንድ አገር የሚያሰምጥ ዝናብ ነው። አማቷ መስመሩን ፈልገው አገኙት፤ ፋይሉን የሞላው ሰው ነጥቧን አንድ ቤት አሳልፏት ኖሯል፤ ከዋናው መዝገብ ጋር ተመሳክሮ ታረመ። የጻፉትን ትእዛዝ እንደገና ከላይ እስከ ታች አስኬዱት፤ አዲሱ ሪፖርት ከምሳ በፊት ሄደ።

የምርመራው ቀን ሦስቱም አብረው ሄዱ። ሐኪሟ ፋሻውን ፈትተው በመብራት ለረጅም ጊዜ አዩ። ባሏ እጇን ይዟል፤ አማቷ በሩ አጠገብ ባርኔጣቸውን በሁለት እጅ ይዘው ቆመዋል።

«ይዟል» አሉ ሐኪሟ። «ሽፋኑ ቦታውን ይዟል። ቀና በይ።»

ቀና አለች። አንገቷ ጮኸ። ዓይኗ ውስጥ የቀረው አረፋ እንደ ብርጭቆ ውኃ ይወዛወዛል፤ ከአረፋው መስመር በታች ያለው ብዥታ ነው፤ ከላይ ግን ቀለም አለ፤ ብርሃን አለ። የበሩ ጠርዝ ጠመዝመዝ ብሎ ታያት፤ ቀጥ ያለ ነገር ሁሉ ማዕበል ሆኗል። ሐኪሟ ቀስ በቀስ እንደሚሻላት፣ ሙሉ በሙሉ እንደ ድሮው ይሆናል ብለው ግን ቃል እንደማይገቡላት፣ ለጥቂት ጊዜም ፊደል አፍጥጣ እንዳታይ ነገሯት። ይህን ሁሉ እየሰማች ዓይኗ በበሩ በኩል ነበር። ሽማግሌው እንደምታያቸው ሲያውቁ አንገታቸውን ደፉ።

ቤት ሲመለሱ እፍረቱም አብሮ ተመለሰ። አሁን ፊት ለፊት ይተያያሉ። ጠዋት ጉሮሯቸውን ጠርገው ሻይ አስቀምጠው ወጡ። ማታም እንዲሁ። እሷም ተደፍታ ሳለች ያን ያህል ያወራው አፏ ቀና ስትል ተሳሰረ። ባሏ መሀላቸው ሆኖ ለሁለቱ ማውራት ሊጀምር ሲል ሳቀ፤ «ልድፋሽ እንዴ?» አላት።

ከዚያ ሌላ ፋይል መጣ፤ የዕለት ሙቀት። ኃላፊዋ አትቸኩይ ብላ ነው የላከችላት። እሷ ኮምፒውተሩን ይዛ ወደ ሽማግሌው ክፍል ሄደች። በሩን አንኳኳች።

«አባባ፣ ሐኪሟ አፍጥጠሽ አትዪ ብለዋል።»

«ሰምቻለሁ።»

«ሥራ መጥቷል።»

ሽማግሌው ከስፌት መኪናቸው ላይ ጨርቁን አንስተው ቦታ ሠሩ፤ መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ፤ ተቀመጡ። እሷ አጠገባቸው ያለው አልጋ ላይ ተቀምጣ ዓይኗን ጨፈነች፤ ልትነግራቸው አፏን ከፈተች። ቁልፎቹ ግን ሳትናገር መንቋቋት ጀምረው ነበር። ቀስ እያሉ፣ አንድ በአንድ። ስሙ፤ ቀስቱ፤ «አንብብ» የሚለው ቃል፤ ቅንፉ።

«ዝም አልሽ?» አሉ ሳይዞሩ።

«እየሰማሁ ነው።»

«ምኑን ትሰሚያለሽ፤ አልተናገርኩ።»

«ጣትዎን።»

ጣቲቱ አንድ አፍታ ቆመች። ከዚያ ቀጠለች። ቅንፉ ተዘጋ፤ ፕሮግራሙም ምንም አላለም። ሽማግሌው ጥቂት መስመሮች አወጡና፣ ልጅ እንደሚያስተኛ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የመጀመሪያውን ቀን ሙቀት ያነቡላት ጀመር።